ሕይወት ያለው ማጣሪያ፦ ፈጥነው የሚያድጉ ባለ ግንድ ዕፅዋት በቀላል አኳሪየም ውስጥ



 ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥፋቴን መናዘዝ ይኖርብኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለልጄ 60 ሊትር ውሃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳና 7 ትናንሽ ጋፒ ዓሦች ገዛሁ። ጠጠሩን ደጋግሜ አጠብሁ፤ መስታወቱን ወለወልሁ፤ ለጌጥ እንዲሆን የፕላስቲክ ተክል አቆምሁበት። ውሃው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነበር። በስምንተኛው ቀን ማለዳ ሁለት ዓሦች ተገልብጠው ተንሳፈው አገኘናቸው፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድም አልተረፈም። ልጄም «አባዬ፣ ውሃው ንጹሕ አልነበረም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለዓመታት የናይትሮጅንን ዑደት በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ ያስተማርሁ ሰው፣ ያንኑ ዑደት በገዛ ቤቴ ሳሎን ውስጥ ረሳሁት። የምመልስላት ቃል አጣሁ።

የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። መልሱ በአጭሩ ይህ ነው፦ የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ በአንድ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ውሃውን ለዓሣ ከሚያነጹልን ነገሮች ሁሉ ርካሹና ታማኙ ደግሞ ፈጥኖ የሚያድግ ተክል ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደርና ኃይለኛ መብራት ሳያስፈልግ፣ በአንድ የመስታወት ገንዳ፣ በአንድ ተራ አምፖልና በጥቂት እፍኝ ቅርንጫፎች ጤናማ የውሃ ዓለም ማቆም ይቻላል። ነገር ግን ቀላል የሚሆነው የአሠራሩ ምክንያት ለገባው ሰው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ምክንያቱን፣ ቀጥሎ አሠራሩን፣ በመጨረሻም ከዚሁ ጋር የሚመጣውን አደጋ አስረዳለሁ።

ዓሦቹን ምን ገደላቸው? የዓሣ ምግብ ትልቁ ክፍል ፕሮቲን ነው፤ ከፕሮቲን ክብደት ውስጥ ደግሞ 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። 45 በመቶ ፕሮቲን ያለውን የተለመደ ምግብ ብንወስድ፣ በ1 ግራም ውስጥ ወደ 70 ሚሊግራም የሚጠጋ ናይትሮጅን እናገኛለን። ዓሣው ጥቂቱን ለሰውነቱ ግንባታ ያስቀራል፤ አብዛኛውን ግን በአሞኒያ መልክ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ያልተበላው ፍርፋሪም በስብሶ ወደዚያው ይደርሳል። እንግዲህ በ60 ሊትር ገንዳ ውስጥ 1 ግራም ምግብ ብቻ በየሊትሩ ከግማሽ ሚሊግራም የሚበልጥ ናይትሮጅን ይጨምራል ማለት ነው። ይህን በየቀኑ ደምሩት። በወንዝ ውስጥ ይህ ነገር ታጥቦ ይሄዳል፤ በሐይቅ ውስጥ በብዙ ውሃ ይሳሳል፤ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን የሚሄድበት የለውም። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ በዚህ መጠንም ሽታው አይታወቅም። የእኔ ገንዳ የጠራው ለዚህ ነው፤ የመረዘውም ለዚሁ ነው።

አሞኒያ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው አሞኒየም ሲሆን ለዓሣ ያን ያህል አደገኛ አይደለም፤ ሁለተኛው ነጻ አሞኒያ ነው፤ መርዙ እርሱ ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው በዋናነት የውሃው ፒኤች ነው። ፒኤቹ 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ነጻው አሞኒያ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤቹ 8 ሲደርስ ግን ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ተመሳሳይ መጠን ያለው ቆሻሻ በአንዱ ቤት ዓሣ ሳይጎዳ፣ በሌላው ቤት ሊገድል ይችላል።

ተፈጥሮ ለዚህ ሁለት መውጫ አዘጋጅታለች። የመጀመሪያው ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን እጅግ ያነሰ ጉዳት ወዳለው ናይትሬት ይለውጣሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን በዝግታ የሚራቡ በመሆናቸው በአዲስ ገንዳ ውስጥ በቂ ሆነው እስኪገኙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ያልፋሉ። በመካከሉ ያለው ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው። ሁለተኛው መውጫ ዕፅዋት ናቸው። ብዙዎቹ የውሃ ውስጥ ዕፅዋት ከናይትሬት ይልቅ አሞኒየምን አስቀድመው ይወስዳሉ። ምክንያቱም ፕሮቲን ለመሥራት የሚያስፈልጋቸው ናይትሮጅን በአሞኒየም መልክ ስለሆነ፣ ናይትሬት ቢወስዱ መልሰው ወደ አሞኒየም ለመለወጥ ጉልበት ማውጣት ይኖርባቸዋል። ለዓሣው መርዝ የሆነው ነገር ለተክሉ የቀረበ ማዕድ ነው። ባክቴሪያው መርዙን መልኩን ይቀይረዋል፤ ተክሉ ግን ሥጋው ያደርገዋል።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1779 ትውልደ ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሁስ ቅጠሎችን በውሃ ውስጥ አጥልቆ ሲመለከት፣ አረፋ አውጥተው አየሩን የሚያድሱት አረንጓዴ ክፍሎች ብቻ መሆናቸውን፣ ያም በብርሃን ጊዜ ብቻ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1850 ደግሞ እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ዋሪንግተን ሁለት የወርቅ ዓሦችንና ቫሊስኔሪያ የተባለውን የውሃ ተክል በአንድ ዕቃ ውስጥ አኑሮ ያገኘውን ውጤት ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር አቀረበ። መጀመሪያ ላይ የበሰበሱ ቅጠሎች ውሃውን አበላሹበት፤ ያን ጊዜ የበሰበሰውን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎችን ጨመረና ሚዛኑ ተጠበቀ። ከ3 ዓመታት በኋላ በ1853 በለንደን የአራዊት መካነ ጥናት ለሕዝብ ክፍት የሆነ የዓሣ ቤት ተከፈተ። በዘመናችንም አሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ከጠጠር ሥር ተራ አፈር አንጥፎ ዕፅዋቱ ራሳቸው ገንዳውን እንዲያስተዳድሩ የማድረግን ዘዴ አስፋፍታለች። ኤሌክትሪክ ሳይኖር የተጀመረው ሐሳብ ዛሬም በትንሽ ኤሌክትሪክ ይሠራል።

ታዲያ የትኛው ተክል? ጉዳዩ የፍጥነት ጉዳይ ነው። አንድ ተክል ከውሃ የሚወስደው ናይትሮጅን በሚሠራው አዲስ አካል ልክ ነው። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የሚመጣው አኑቢያስ ውብና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን አንድ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ሳምንታት ይወስድበታል። ለአዲስ ገንዳ እርሱን ብቻ መትከል፣ ብዙ እንግዳ በተጠራበት ሠርግ አንድ አስተናጋጅ እንደማቆም ነው። ባለ ግንድ ዕፅዋት ግን ቀጥ ብሎ ከሚወጣ ግንድ ላይ በየአንጓው ቅጠል እያወጡ ወደ ብርሃን ይሮጣሉ። በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ሥርም ቅርንጫፍም ሊሆን የሚችል ዐቅም ተኝቶ ይጠብቃል። ከእነርሱ ተቆርጦ የወደቀ ቁራጭ ሁሉ ራሱን የቻለ አዲስ ተክል ሊሆን ይችላል።

ለቀላል ገንዳ የሚስማሙትን ጥቂቶቹን ልጥቀስ። ሴራቶፊለም ዴመርሰም ሥር የሌለው ተክል ነው፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚስበው በቀጥታ ከውሃው ነው፤ ለዚህም ነው በአዲስ ገንዳ ውስጥ ቀዳሚ ሠራተኛ የሚሆነው። በብዙ የዓለም ክፍሎች ይገኛል፤ በእኛው ጣና ሐይቅም አለ። ኤጄሪያ ዴንሳ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ አይከብደውም። ሃይግሮፊላ ፖሊስፐርማ የደቡብ እስያ ተክል ነው፤ ለጀማሪ ከእርሱ የሚበልጥ ይቅር ባይ አላየሁም። ሊምኖፊላ ሴሲሊፍሎራ እንደ ላባ የተከፋፈሉ ቅጠሎች አሉት። ሉድዊጂያ ሬፐንስና ሮታላ ሮቱንዲፎሊያም ቀይ መልክ ያመጣሉ፤ በዝቅተኛ ብርሃን ግን ከሌሎቹ ዘገም ይላሉ፤ ቅላታቸውም ይደበዝዛል።

አሁን ወደ ንግግሬ እምብርት ደርሻለሁ። ብዙ ሰው ተክሉ አላድግ ሲለው የመጀመሪያ እርምጃው መብራት መጨመር ነው። ብዙውን ጊዜ ገንዳው የሚበላሸውም ያን ጊዜ ነው። ለምን? በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካርል ሽፕሬንገል ያመነጨውና ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ ያስፋፋው ሕግ፣ የአንድን ተክል ዕድገት የሚወስነው ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ በአንጻሩ እጅግ ያነሰው ነው ይለናል። ጤፍ አብቃዩ ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ ዝናብ የሌለውን ማሳ ማዳበሪያ አያድነውም። በውሃ ውስጥ ብዙውን ጊዜ እጅግ ያነሰው ካርቦን ነው። ከአየር ጋር ሚዛኑን የጠበቀ ውሃ በሊትር የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ጋዙ በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት ወደ 10,000 ጊዜ ባነሰ ዝግታ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ በዙሪያው ያለውን ካርቦን ጨርሶ፣ የሚቀጥለው እስኪደርሰው በረሃብ ይጠብቃል።

በዚህ ሁኔታ መብራት ብንጨምር ተክሉ ሊጠቀምበት አይችልም። ትርፉን ብርሃን የሚወርሰው በተለምዶ አልጌ የምንለው ዋቅላሚ ነው፤ እርሱ በጥቂት ነገር የሚኖር፣ በመስታወቱም በቅጠሉም ላይ የሚለጠፍ ነውና። ሲሊንደር የሚጠቀሙ ሰዎች የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጠን በሊትር ወደ 30 ሚሊግራም ያደርሱታል፤ ስለዚህም ኃይለኛ መብራት ይችላሉ። ቀላል ገንዳ ያለው ሰው የተለየ መንገድ ይከተላል። ካርቦኑን መጨመር ካልቻለ ብርሃኑን በካርቦኑ ልክ ያደርጋል። የዘዴው ጥበብ ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው፤ አንዱን ማብዛት ሳይሆን ሁሉን ማመጣጠን። አንዳንድ ዕፅዋት ደግሞ ሌላ መላ አላቸው። ሴራቶፊለምና ኤጄሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲያልቅባቸው በውሃው ውስጥ ያለውን ባይካርቦኔት መጠቀም ይችላሉ። እንደ አቃቂ ካሉ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚመጣ፣ ማዕድን የበዛበት ውሃ ለሚደርሳችሁ ሰዎች ይህ መልካም ዜና ነው።

እዚህ ላይ በከፍተኛ ቦታ የምንኖር ሰዎች ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከአየር ወደ ውሃ የሚገባው ጋዝም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ ግን 7 ሚሊግራም አይሞላም። ስለዚህ በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ለአንድ ገንዳ የሚፈቅዱትን የዓሣ ቁጥር እንዳለ መቀበል የለብንም፤ ቀነስ ማድረግ ይኖርብናል። በሌላ በኩል ክፍላችን ቀዝቃዛ መሆኑ የዕፅዋቱን ሩጫ በጥቂቱ ቢያዘገይም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቃት ውሃ የበለጠ ጋዝ ስለሚይዝ ጉዳቱን ያካክሳል። ማሞቂያ ለሌለው ቤት ኤጄሪያንና ሴራቶፊለምን የማስቀድመውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንሂድ። ሁለተኛውን ገንዳዬን ያቆምሁት በዚህ መንገድ ነበር።

በመጀመሪያ አፈር። ማዳበሪያ፣ ፍግና ፀረ ተባይ መድኃኒት ካልነካው ስፍራ አፈር ወስጄ በወንፊት ነፋሁት፤ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ውፍረት አነጠፍሁት። በላዩ ላይ በዚያው ልክ የታጠበ ደቃቅ ጠጠር አለበስሁት። አፈሩ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሥር ላላቸው ዕፅዋት ብረትንና ሌሎች ማዕድናትን ይመግባል፤ በውስጡ ያለው ብስባሽ ሲፈርስም ጥቂት በጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። የድሃ ሰው ሲሊንደር በሉት። አፈሩን ማወፈር ግን አይገባም፤ አየር ያጣ ወፍራም አፈር የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ያመነጫል።

ቀጥሎ ውሃ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ክዳን በሌለው ባልዲ ለ24 ሰዓታት ያህል አቆይቼ እጠቀምበታለሁ። ውሃው የታከመው በክሎራሚን ከሆነ ግን ማቆየት ብቻ አይበቃም፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ማርከሻ ያስፈልጋል። ውሃውን ስሞላ አፈሩ እንዳይታወክ በሳህን ላይ ቀስ አድርጌ አፈስሳለሁ።

ከዚያ ተከላ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ግንድ ተክሎ «ሲበዛ ይሞላል» ብሎ ይጠብቃል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ለገንዳ የመጀመሪያ ቀን ግን አይሠራም። ባዶ የቀረውን ቦታ ዋቅላሚ ይቀድመናልና ከወለሉ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በመጀመሪያው ቀን መሸፈን አለበት። ከገበያ በጎማ ታስሮ የመጣውን እስር ፈትቼ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የሚረዝሙ ጤነኛ ግንዶችን እለያለሁ። ከታች ያሉትን የሁለት አንጓ ቅጠሎች አነሳለሁ፤ ከእነዚያ አንጓዎች ሥር ይወጣል። እያንዳንዱን ግንድ ለየብቻው በ2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ርቀት እተክላለሁ። እንደ እቅፍ አበባ አንድ ላይ ከተተከሉ በመካከል ያሉት ብርሃን አጥተው ከሥር ይበሰብሳሉ። ሴራቶፊለምን አልተክለውም፤ እንዲሁ እንዲንሳፈፍ እተወዋለሁ።

መብራቱን በተመለከተ፣ ለ60 ሊትር ገንዳ ከ10 እስከ 15 ዋት የሚሆን ተራ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በቀን 6 ሰዓት እጀምራለሁ፤ ዋቅላሚ ካልታየ ወደ 8 ሰዓት ከፍ አደርጋለሁ፤ ከዚያ አላሳልፍም። ገንዳውን ፀሐይ በቀጥታ ከሚገባበት መስኮት ማራቅ ይገባል። በአገራችን የቀኑ ርዝማኔ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ፣ በመስኮት ዳር ያለ ገንዳ ከዓመት እስከ ዓመት ከመጠን ያለፈ ብርሃን ይቀበላል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚያስደነግጥ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ፤ ቅጠሉ ይሳሳል፣ ይቀልጣል፣ ይረግፋል። ብዙ የንግድ ችግኞች ያደጉት ቅጠላቸው ከውሃ በላይ ሆኖ ነው። የአየር ቅጠል በውሃ ውስጥ ሊሠራ ስለማይችል ተክሉ ይጥለውና ለውሃ የሚሆን ሌላ ያወጣል። የምትመለከቱት ጫፉን ነው። ጫፉ አዲስ ቅጠል እያወጣ ከሆነ ተክሉ በሕይወት አለ። የወደቀውን ቅጠል ግን በየቀኑ ልቀሙ፤ ዋሪንግተን የተማረውን ትምህርት እንደገና በዓሦቻችን ሕይወት መማር የለብንም።

ዓሣ የሚገባው መቼ ነው? ጫፎቹ በግልጽ ሲረዝሙ ነው። አሞኒያንና ናይትራይትን የሚለካ መመርመሪያ ያለው ሰው ሁለቱም ዜሮ መሆናቸውን ያረጋግጥ። እኔ በሁለተኛው ሙከራዬ አራት ሳምንት ጠብቄ ሦስት ጋፒዎች ብቻ አስገባሁ፤ ምግባቸውንም በሁለት ደቂቃ ውስጥ በሚጨርሱት መጠን ወሰንሁ። በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን እቀይራለሁ።

ግንዶቹ የውሃው ፊት ሲደርሱ መቁረጥ ይገባል። መቁረጥ የማስዋብ ሥራ ብቻ አይደለም። የግንዱ ጫፍ ኦክሲን የተባለ ሆርሞን እያመነጨ የጎን ቡቃያዎችን ተጭኖ ይይዛል። ጫፉ ሲቆረጥ ያ ጫና ይነሳና ከተቆረጠው በታች ካሉት አንጓዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት አዳዲስ ቅርንጫፎች ይወጣሉ። የተቆረጠውን ጫፍ መልሰን ብንተክለው ሦስተኛ ተክል ይሆናል። ከዚህም በላይ መቁረጥ ማለት ቆሻሻን ማውጣት ማለት ነው። 100 ግራም እርጥብ ቁራጭ ሲደርቅ 7 ግራም ያህል ይሆናል እንበል፤ ከዚያ ውስጥ 3 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ቢሆን 200 ሚሊግራም ገደማ ይመጣል። ይህም በ3 ግራም የዓሣ ምግብ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን መሆኑ ነው። በምግብ መልክ የገባው በመቀስ ወጣ። ሳይቆረጥ ቀርቶ በገንዳው ውስጥ የበሰበሰ ተክል ግን የወሰደውን ሁሉ መልሶ ይተፋል።

ተክሉ ሲቸገር በቅጠሉ ይናገራል። አሮጌ ቅጠሎች በሙሉ ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጅን እያነሰው ነው፤ በአሮጌ ቅጠል ላይ ጠርዛቸው ቢጫ የሆኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከታዩ ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ነው፤ ሥሮቻቸው አረንጓዴ ሆነው አዳዲስ ቅጠሎች ከገረጡ ብረት ነው። በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ተለጥጦ የታችኛው ግንድ ከተራቆተ ደግሞ የጎደለው ብርሃን ነው፤ ያን ጊዜ መብራት ከመጨመር በፊት የላዩን ተንሳፋፊ መቀነስ ይቀድማል።

የዚህን ዘዴ ወሰንም ልናገር። ዕፅዋት ኦክስጅን የሚሰጡት በብርሃን ጊዜ ነው፤ በጨለማ እነርሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳሉ። ስለዚህ በዓሣ የተጨናነቀን ገንዳ ተክል አያድነውም፤ በተለይም አየሩ በሳሳበት በእኛ ከፍታ። በቀን ደግሞ ዕፅዋቱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲጠቀሙበት ፒኤቹ ከፍ ይላል፤ ቀደም ብዬ እንዳልሁት አሞኒያ በተጠራቀመበት ውሃ ውስጥ ይህ መርዙን ያጠነክረዋል። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ የዘዴው ጥቅም ጎልቶ ይታያል። የኤሌክትሪክ ማጣሪያ ኃይል ሲቋረጥበት ወዲያው ይቆማል። ቅጠልና ሥር ግን ሶኬት አያስፈልጋቸውም፤ አሞኒየም መውሰዳቸውን በአንድ ጊዜ አያቋርጡም። አንድ ሙሉ ቀን ኃይል ተቋርጦ በዋለበት ጊዜ ሦስቱ ጋፒዎቼ ምንም ሳይሆኑ አደሩ።

አሁን ወደ አደጋው። እስከ አሁን ያመሰገንሁት ባሕርይ፣ ይኸውም ፈጥኖ ማደግ፣ ከቁራጭ መብቀልና ከውሃ የሚገኘውን ምግብ ሁሉ መጠቀም፣ ከመስታወቱ ውጭ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ሃይድሪላ የተባለው ተክል ወደ አሜሪካ ፍሎሪዳ የገባው በአኳሪየም ንግድ በኩል በ1950ዎቹ ነበር፤ ዛሬ በዚያች አገር ቦዮችንና ሐይቆችን ከሚያንቁ አረሞች ዋነኛው ነው። ዛሬ ያወደስኋቸው ሃይግሮፊላ ፖሊስፐርማና ሊምኖፊላ ሴሲሊፍሎራም በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት የአደገኛ አረሞች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ሩቅ መሄድም አያስፈልገንም። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ ላይ መከሰቱ ከታወቀ ወዲህ፣ የዓሣ አጥማጁን ጀልባና የገበሬውን የሐይቅ ዳር ማሳ ምን እንዳደረገ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እምቦጭ ባለ ግንድ የውሃ ውስጥ ተክል አይደለም፤ ተንሳፋፊ ነው። ነገር ግን ጉልበቱ ያው ነው፤ ከማሳ ታጥቦ የመጣ ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽ ለእርሱ ማዕድ ነው። የእኔ ሳሎን ገንዳና ጣና በአንድ ሕግ ይተዳደራሉ፤ ልዩነቱ በገንዳው መቀሱ በእጄ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሁለት ግዴታዎች አሉብን። አንደኛ፣ የተቆረጠ ተክልም ሆነ የገንዳ ውሃ ወደ ወንዝ፣ ወደ ቦይ ወይም ወደ ሐይቅ አይጣልም። ቁራጩን በፀሐይ አድርቆ ከጓሮ ብስባሽ ጋር መቀላቀል፣ ውሃውንም ከወራጅ ውሃ ርቆ የሚገኝ የአትክልት መደብ ማጠጣት ይቻላል፤ ለጎመን ከዚህ የተሻለ ውሃ የለም። ሁለተኛ፣ ከሐይቅ ተክል ነቅሎ ወደ ቤት ማምጣት ሊያምረን ይችላል። እንደ ጣናና ዝዋይ ባሉ ሐይቆቻችን ዳርቻ ግን የቢልሃርዝያን ጥገኛ ትል የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ። ልጆች እጃቸውን በሚነክሩበት ገንዳ ውስጥ እንዲህ ያለውን ተክል ማስገባት ተገቢ አይደለም። ከሻጭ የተገዛውንም ቢሆን በተለየ ባልዲ ሁለት ሳምንት አቆይቶ የቀንድ አውጣ ዕንቁላል እንዳይኖርበት መመርመር መልካም ነው።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤ ልጄ አሁን የራሷን መቀስ ይዛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫፎቹን ትቆርጣለች፤ ቁራጩን በኩሽና ሚዛን መዝና በደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። ውሃው ያን የመጀመሪያውን ገንዳ ያህል አይጠራም፤ ከአፈሩ የወጣ ትንሽ የሻይ ቀለም አለበት። ባለፈው ሳምንት በቅጠሎቹ መካከል ከጥፍር የሚያንሱ አሥራ አንድ የጋፒ ጫጩቶች ቆጥራ «አባዬ፣ ይኼኛው ውሃ ግን ንጹሕ ነው» አለችኝ።

በበሩ አጠገብ ባለው ባልዲ ውስጥ ከዚሁ ገንዳ የተቆረጡ የሃይግሮፊላና የኤጄሪያ ግንዶች አስቀምጫለሁ። ስትወጡ የምትሹ ሁሉ ውሰዱ። ዋጋው አንድ ቃል ኪዳን ነው፤ ሲበዛባችሁ ለጎረቤት ስጡት ወይም አድርቁት እንጂ ወደ ወንዝ አትጣሉት።